ካሳንድራን ያላመናት ማነው? የትሮይዋን ባለ ራእይ ወደ ምትሃታዊ ልብ ወለድ ስለ መውሰድ

የሥነ ጽሑፍ መምህራችን አንድ ጊዜ ለየት ያለ የቤት ሥራ ሰጡን። ከጥንት ግሪክ አፈ ታሪክ አንድ ባለ ራእይ መርጣችሁ፣ ምትሃት ባለበት ዓለም ውስጥ የሚኖር ገጸ ባሕርይ አድርጋችሁ ሦስት ገጽ ጻፉ ነው ነገሩ። የክፍሉ አብዛኛው ተማሪ ቴሬስያስን መረጠ። ዓይነ ስውር ሆኖ ሁሉን የሚያይ ሽማግሌ፣ በዚያ ላይ ሰባት ዓመት ሴት ሆኖ የኖረ፣ ለልብ ወለድ እንደሱ የሚመች ከየት ይገኛል! እኔ ግን ካሳንድራን መረጥኩ። ምክንያቴ የሚያኮራ አይደለም፤ ታሪኳ አጭር ስለመሰለኝ ነው።

ጻፍኩና አስረከብኩ። የኔዋ ካሳንድራ ዓይኗ አረንጓዴ ብርሃን የሚረጭ፣ በትሯን ስታነሳ ሰማዩ የሚያጉረመርም፣ ስትናገር ግንብ የሚንቀጠቀጥላት ነበረች። መምህራችን ወረቀቱን ሲመልሱልኝ ከግርጌው በቀይ እስክሪብቶ የጻፉት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ «ይህችን ሴት የማያምናት ማነው?»

እውነታቸውን ነው። እንዲህ ያለች ሴት «ከተማችሁ ይቃጠላል» ብትል ሰው ሁሉ ልጁን አዝሎ ይሸሻል እንጂ ማን ቆሞ ይስቃል? ምትሃቱን ባበዛሁላት ቁጥር ካሳንድራነቷን እያጠፋሁት ኖሯል። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ጥያቄ በኋላ ያነበብኩትን፣ የተሳሳትኩትንና እንደገና የጻፍኩትን ለማካፈል የቀረበ ነው።

በመጀመሪያ ታሪኩን ለማያስታውስ አንባቢ ባጭሩ ላስታውስ። ካሳንድራ የትሮይ ንጉሥ የፕሪያም ልጅ ናት። አፖሎ የተባለው አምላክ ወደዳትና የሚመጣውን የማየት ስጦታ ሰጣት። እሷ ግን ፍቅሩን አልተቀበለችም። የሰጠውን መልሶ መውሰድ ስለማይችል ስጦታውን ትቶላት እርግማን ጨመረበት፤ የምትናገረው ሁሉ እውነት ይሆናል፣ የሚያምናት ግን አይኖርም። (በነገራችን ላይ ትሮይን ሊረዳ ከኢትዮጵያ ሠራዊት ይዞ መጣ የሚባለው ሜምኖን የፕሪያም ወንድም የቲቶኖስ ልጅ ነው። ስለዚህ ካሳንድራ የአጎቱ ልጅ መሆኗ ነው። ግሪኮች «ኢትዮጵያ» ሲሉ የዛሬይቱን አገር ብቻ ሳይሆን በደቡብ ያለውን ሰፊ ምድር መሆኑን ግን መርሳት የለብንም።)

እዚህ ላይ መጀመሪያ የገጠመኝ ችግር የስም ነው። ካሳንድራን በአማርኛ ምን እንበላት? «ነቢይት» ካልናት አንባቢያችን ወዲያው ወደ መጽሐፍ ቅዱስ ይሄዳል። ኤርምያስም አልተሰማም፣ ጉድጓድ ውስጥ ተጥሏል። ነገር ግን ኤርምያስን የላከው አምላክ ሕዝቡ እንዲሰማ ይፈልጋል፤ ካሳንድራን እንዳትሰማ ያደረጋት ግን ራሱ ሰጪው ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። «ጠንቋይ» ካልናት ደግሞ ገንዘብ ተቀባይ አደረግናት፣ ጠንቋይ ጋ እኮ ሰው ሊያምን ነው የሚሄደው። «ኮከብ ቆጣሪ» እንዳንል መጽሐፍም ሰማይም አትቆጥርም። «አዋቂ» የሚለው ትንሽ ይቀርባል፣ ግን አክብሮት አለበት። ባለ ራእይ ማለቱን የመረጥኩት ሌላ ስላጣሁ ነው እንጂ ልቤ ሞልቶ አይደለም። ንግርት የሚለውን ቃል ግን ለንግግሯ አስቀርቼዋለሁ። ንግርት ማን እንደተናገረው ሳይታወቅ ከአፍ አፍ የሚሄድ፣ ሲፈጸም ብቻ የሚታወስ ነገር ስለሆነ ይስማማታል።

ከዚያ ወደ ጥንቶቹ ጽሑፎች ተመለስኩ። በጣም ያስገረመኝ ሆሜር ነው። በኢሊያድ ውስጥ ካሳንድራ ባለ ራእይ መሆኗ አንድም ቦታ አልተነገረም! ውብ ልዕልት ናት፣ በቃ። የምትናገረውም በመጨረሻው በ24ኛው ክፍል አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አባቷ የሄክቶርን አስከሬን ከጠላት ሰፈር ተቀብሎ ሲመለስ ከሁሉ አስቀድማ ከኮረብታው ላይ ታየዋለች፤ ጮኻም ከተማውን ትጠራለች። ያኔ ወንድም ሴትም አይቀርም፣ ሕዝቡ ሁሉ ይወጣል። አስተውሉ፤ ለመጪው ነገር የማትታመነው ሴት ላለፈው ነገር፣ ለሞተው ወንድሟ፣ ስትጮህ አገር ተንቀሳቀሰላት። ሆሜር ይህን አስቦ ጻፈው ማለቴ አይደለም። ግን ለልብ ወለድ ጸሐፊ ትልቅ ሀብት ነው።

የትንቢቷን ነገር ጎልቶ የምናገኘው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ458 ለመድረክ በበቃው በአይስኪሎስ «አጋሜምኖን» ነው። ትሮይ ወድቃ፣ ካሳንድራ ተማርካ፣ በአጋሜምኖን ሠረገላ ላይ ተቀምጣ ትመጣለች። ወደ 300 የሚጠጉ መስመሮች ያህል አንዲት ቃል አትተነፍስም። ንግሥቲቱ ክሊተምኔስትራ ግቢ ስትላት እንኳ ዝም ነው፤ ንግሥቲቱም የወፍ ጫጫታ የመሰለ የባዕድ ቋንቋ እንጂ ሌላ አታውቅም ይሆን ብላ ትጠራጠራለች። ንግሥቲቱ ገብታ ካለቀች በኋላ ነው የአፖሎን ስም እየጠራች የምትጮኸው። በዚያ ቤት ቀድሞ የታረዱትን ሕፃናት ታያለች፣ ወዲያው ደግሞ ገና የሚፈሰውን የንጉሡን ደም ታያለች። ሁለቱም ለሷ እኩል ፊቷ ላይ ናቸው።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። እርግማኑ «ማንም አያምናትም» ነው አይደል? የአርጎስ ሽማግሌዎች የሆኑት ዘማሪዎች ግን ያምኗታል! የምትይው ለእኛ እውነት ይመስለናል ይሏታል። ያለፈውን፣ የሕፃናቱን እርድ፣ ስትናገር በትክክል ይከተሏታል፤ የባዕድ አገር ልጅ እንዴት ይህን አወቀች ብለውም ይደነቃሉ። ወደሚመጣው ስትሻገር ነው መንገዱ የሚጠፋባቸው። በመጨረሻ በግልጽ የአጋሜምኖንን ሞት ታያላችሁ ስትላቸው እንኳ የትኛው ወንድ ነው ይህን የሚያደርገው ብለው ይጠይቃሉ። ገዳይዋ ሴት መሆኗ ከጭንቅላታቸው አልገባም። ስለዚህ ያጡት እምነትን ሳይሆን መረዳትን ነው።

ይህን ያገኘሁት እኔ እንዳልሆንኩ መናገር አለብኝ። ለዚህ ሥራ አምስት ሆነን ማክሰኞ ማክሰኞ እናነብ ነበር፤ ማስታወሻ ያዡ እኔ ነኝ። በሁለተኛው ሳምንት ከመሃላችን ያለችው ብቸኛ ሴት «ሽማግሌዎቹ እኮ ያምኗታል፣ ያልገባቸው ግን ነገሩ ነው» አለች። እኔ አልጻፍኩትም። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጓደኛችን ያንኑ ሐሳብ ረዘም አድርጎ ተናገረው። እኔም «ግሩም ነጥብ» ብዬ ከነስሙ መዘገብኩ። ለማቅረብ ስንዘጋጅ ማስታወሻዬን ጮክ ብዬ ሳነብ ልጅቷ ምንም አላለችም፣ ፈገግ ብቻ አለች። የፈገግታዋ ነገር የገባኝ ማታ ነው።

ገብቶኝም ሄለኑስን ያስታወስኩት በዚያው ሌሊት ነበር። ሄለኑስ የካሳንድራ ወንድም ነው፤ እንዲያውም አንዳንድ ትረካዎች መንትያዋ ያደርጉታል። ሁለቱም ሕፃናት ሳሉ በአፖሎ ቤተ መቅደስ አድረው እባቦች ጆሯቸውን ላሱላቸው፣ ከዚያ ወዲህ የሚመጣውን ማወቅ ጀመሩ የሚል ትረካ አለ። አንድ ስጦታ፣ አንድ ቤት፣ አንድ ሌሊት። በኢሊያድ 6ኛ ክፍል ሄለኑስ ለሄክቶር ወደ ከተማ ግባና እናታችን ለአቴና ልብስ ታቅርብ ይለዋል። ሄክቶር ጦርነቱን ትቶ ወዲያው ይሄዳል! ምክሩ ምን ፈየደ ብትሉ ምንም፤ አቴና ጸሎቱን አልተቀበለችም። ያልጠቀመ ምክር የሰጠው ወንድም ተሰማ ማለት ነው፤ እህትየዋ ደግሞ በኋለኞቹ ጸሐፍት ዘንድ ስለ ፈረሱ ተናግራ የሚሰማት አጣች።

ከዚህ በኋላ ሌሎች ጸሐፍት ካሳንድራን እንዴት ወደ ምትሃት ዓለም እንዳስገቧት ማየት ነበረብኝ። በትምህርት ክፍላችን ብዙዎቻችን የምናውቀው የጄ. ኬ. ሮውሊንግን ሃሪ ፖተር ስለሆነ እሱን ያዝኩ። ሮውሊንግ በኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ከፈረንሳይኛ ጋር የጥንቱን የግሪክና የሮም ጥናት ተምራለች፣ ስለዚህ ስሞቿ በዘፈቀደ የወጡ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በሦስተኛው መጽሐፍ የትንቢት አስተማሪዋ ሲቢል ትሪሎኒ ትገባለች። የመጀመሪያ ስሟ ከጥንቶቹ ባለ ራእይ ሴቶች ከሲቢሎች የመጣ ነው፤ የቅድመ አያቷ እናት ደግሞ ካሳንድራ ትሪሎኒ የምትባል ዝነኛ ባለ ራእይ መሆኗ በአምስተኛው መጽሐፍ ይነገራል።

ታዲያ የዘር ሐረጉ ካሳንድራ ይሁን እንጂ ገጸ ባሕርይዋ ተገልብጣለች። ትሪሎኒ በዕጣን ጭስ የታፈነ ክፍል፣ ትልልቅ መነጽር፣ ሻሽና ዶቃ አላት። በሻይ ቅጠል ዝቃጭ (እኛ ዘንድ ስኒ ተገልብጦ እንደሚነበበው መሆኑ ነው) በየዓመቱ የአንድ ተማሪ ሞት ትተነብያለች፤ የሚሞት ግን የለም። ይህን ፓርቫቲና ላቬንደር የተባሉ ተማሪዎች አፋቸውን ከፍተው ያምኗታል። እውነተኛዎቹን ሁለት ትንቢቶች የተናገረችው ግን ራሷን ስታ፣ በማይታወቅ ድምፅ ነው፤ ስትነቃም አንዱንም አታስታውስም። ካሳንድራ ታውቃለች፣ የሚያምናት የለም። ትሪሎኒ ስታምን ተሳስታለች፣ ስትታመን የለችበትም።

ግልበጣው ከዚህም ይጠልቃል ባይ ነኝ። ትሮይ የጠፋችው ትንቢቱ ስላልታመነ ነው። በሃሪ ፖተር ግን ጥፋቱ የመጣው ትንቢቱ ስለታመነ፣ ያውም ግማሹ ብቻ ስለታመነ ነው። በመጠጥ ቤት በር ላይ ያደመጠ ሰው የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ሰምቶ ለቮልደሞርት አደረሰ፤ ቮልደሞርትም አምኖ ሕፃኑን ለመግደል ሄደ። ባያምን ኖሮ ያ ትንቢት ባዶ ቃል ሆኖ ሊቀር ይችል ነበር። ዳምብልዶር ራሱ ለሃሪ የሚያስረዳው ይህንኑ ነው።

አንዳንድ ጓደኞቼ ትሪሎኒ የካሳንድራ መቀለጃ ብቻ ናት ይላሉ። አልስማማም። በአምስተኛው መጽሐፍ ተቆጣጣሪዋ ኧምብሪጅ እስቲ አንድ ነገር ተንብይልኝ ብላ ስታፋጥጣት ከባድ አደጋ እየመጣብሽ ነው ትላታለች። በፍርሃት የወጣ ቅጥፈት ይመስላል። በዓመቱ መጨረሻ ኧምብሪጅን ሴንታውሮች ጫካ ውስጥ ይዘዋት ይሄዳሉ፣ የትሪሎኒን ቃል የሚያስታውስ ግን አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው ስድስተኛው መጽሐፍ ደግሞ መጠጥ መጠጥ እየሸተተች በኮሪደር ስትሄድ ካርታዋ ደጋግሞ መብረቅ የመታው ግንብ ያወጣባታል። ለማን ትንገር? ዳምብልዶር የሞተው ግንብ ላይ ነው። እዚህ ቦታ ላይ ቀልዱ ያበቃና የቅድመ አያቷ እናት ስም እውነት ይሆናል። ሮውሊንግ አረንጓዴ እሳት አልጨመረችላትም፤ የጨመረችላት የመጠጥ ሽታ ነው። የማናምናት በርግማን ሳይሆን በራሳችን ንቀት ነው ማለት ነው። የመምህሬ ቀይ ጥያቄ መልስ እዚህ ነበር።

እንግዲህ ሁለተኛውን ረቂቅ ስጽፍ በትሩንም ነጎድጓዱንም ጣልኩት። ያስቀረሁት አንድ ሕግ ብቻ ነው፤ የኔዋ ባለ ራእይ ጊዜን አትለይም። አይስኪሎስ ላይ እንዳየነው ያለፈውም የሚመጣውም እኩል ፊቷ ላይ ነው። አማርኛችን ደግሞ ለዚህ የተሠራ ነው። «ቤቱ ይቃጠላል!» ብሎ የሚጮህ ሰው አሁኑኑ ማለቱ ይሁን ነገ፣ ከግሱ ብቻ አይታወቅም። «ይመጣል» ዛሬም ነው፣ የከርሞም ነው። እናም የኔዋ ልጅ አንድ ማለዳ «ከተማው ይቃጠላል!» ብላ ትጮኻለች። ሕዝቡ ያምናታል፤ እንስራውን ተሸክሞ ይወጣል፤ ጭስም የለም። በሁለተኛውም ቀን ይወጣል። በሦስተኛው የሚወጡት እናቷና አንድ ደንቆሮ ሽማግሌ ብቻ ናቸው። የውሸታሙን እረኛ ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ልዩነቱ እረኛው ዋሽቷል፣ እሷ ግን አልዋሸችም። ግሷን ነው ያልተረዱላት። አምላክም ርግማንም ሳያስፈልግ ነገሩ በራሱ ሄደልኝ።

አንድ ነገር ብቻ አልተፈታልኝም። የአይስኪሎስ ካሳንድራ ቤት ውስጥ የሚጠብቃት ሞት መሆኑን ታውቃለች። በትረ ትንቢቷን ትሰብራለች፣ የራሷን አክሊል ትጥላለች፣ በሩ ላይ ደም ደም ሸቶኝ ብላ ወደ ኋላ ትላለች፣ ከዚያ ግን በእግሯ ትገባለች። የኔዋ ጊዜን ካልለየች የራሷን ሞት እንዴት ነው የምታየው? ቀድሞ እንደሞተች ነው የምታስበው ወይስ ገና እየሞተች? ይህን ለማክሰኞው ቡድን አቀረብኩ። ወንዶቹ ብዙ ተናገሩ። ልጅቷ ረቂቁን ወስዳ ካነበበች በኋላ «ስለ ራሷ ስትናገር ግሱን ለምን በኃላፊ ጊዜ አታደርገውም? ያላፊውን ብቻ ነው እኮ ሰው የሚሰማት» አለች። በሆሜር ኮረብታ ላይ የቆመችዋን ካሳንድራ ማለቷ ነው።

ማስታወሻው ላይ ወዲያው ከነስሟ ጻፍኩት፤ የታሪኬም የመጨረሻ ገጽ በዚያ መሠረት ተቀይሯል። ባለ ራእይዋ በሩ ጋ ደርሳ ለጠባቂው «እዚህ ቤት ሞቻለሁ» ትለዋለች። ጠባቂው ቀና ብሎ ያያታል፣ ለመጀመሪያ ጊዜም አንድ ሰው ከመንገዱ ዞር ይልላታል።