ሊስፕ ወይስ ፓይተን?

ወጣቷ፦ ጋሼ፣ አንድ ነገር ላማክርዎት። የኤክሴል ፋይሎችን አንብቦ ዳታቤዝ ውስጥ የሚያስገባ፣ በየወሩም ሪፖርት የሚያወጣ ፕሮግራም እንድሠራ ታዝዣለሁ። ሁሉም በፓይተን ሥሪው ይለኛል፤ የእኔ ልብ ግን ሊስፕ ላይ ነው።

አዛውንቱ፦ ልብሽን ምን ወሰደው?

ወጣቷ፦ ጆን ማካርቲ እ.ኤ.አ. በ1958 የጀመረው ቋንቋ እስከ ዛሬ በሥራ ላይ መሆኑ። የሚያውቁትም ሰዎች ፍቅራቸው የተለየ ነው።

አዛውንቱ፦ ያለ ምክንያት አይደለም። ፕሮግራም የማይፈልገውን ሜሞሪ ራሱ ለይቶ የሚያስለቅቅበት ዘዴ፣ ጋርቤጅ ኮሌክሽን የምንለው፣ መጀመሪያ የተሠራው ለሊስፕ ነው። ብሬንዳን አይክም በ1995 ብራውዘር ወደሚሠራው ኔትስኬፕ ኩባንያ ሲገባ የታሰበለት ሥራ ስኪምን ብራውዘር ውስጥ ማስገባት ነበር፤ ስኪም ከሊስፕ ልጆች አንዱ ነው። አለቆቹ መልኩ ጃቫን እንዲመስል ስለፈለጉ ጃቫስክሪፕት ወጣ።

ወጣቷ፦ ሐሳቦቹ ወደ ሌሎቹ ከገቡ ታዲያ ለሊስፕ ምን ቀረለት?

አዛውንቱ፦ ማክሮ። እዚህ ላይ በደንብ አድምጪኝ። በሊስፕ የምትጽፊው ኮድ ራሱ ዝርዝር ነው፤ ቅንፉ የበዛው ለዚህ ነው። ዝርዝር ከሆነ ደግሞ ሌላ ፕሮግራም ተቀብሎት፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ለውጦ ሊመልሰው ይችላል፤ ማክሮ የምንለው ይህን ለዋጭ ነው። ለምሳሌ ፋይል ከፍተሽ ስትሠሪ መሃል ላይ ስህተት ቢፈጠር እንኳ ፋይሉ መዘጋት አለበት አይደል? ፓይተን ለዚህ የሚረዳውን «ዊዝ» የተባለ ትእዛዝ ያገኘው በ2006፣ በ2.5 እትሙ ነው። እስከዚያ ድረስ ተጠቃሚው በየቦታው ረጅሙን መንገድ ይጽፍ ነበር፤ አዲስ ዓይነት ትእዛዝ መጨመር የሚችሉት ቋንቋውን የሚያዘጋጁት ናቸውና። ከሊስፕ ልጆች ሌላው በሆነው በኮመን ሊስፕ ግን ይኸው ትእዛዝ ማክሮ ነው። ባይኖር ኖሮ አንቺ ራስሽ ቁጭ ብለሽ በጥቂት መስመር ትሠሪው ነበር፤ የማንንም ፈቃድ አትጠብቂም።

ወጣቷ፦ እንዲህ ከሆነማ በሊስፕ ልሥራው!

አዛውንቱ፦ ቆዪ እስቲ። ሬዲት የተባለው ድረ ገጽ በ2005 ሲጀመር የተጻፈው በኮመን ሊስፕ ነበር። ዓመቱ ሳያልቅ መሥራቾቹ በፓይተን እንደገና ጻፉት። ቋንቋው አንሶባቸው አይደለም፤ ብዙ ሰው ሞክሯቸው የተማመነባቸው ላይብረሪዎች በሊስፕ እንደልብ ስላልተገኙ ነው። የአንቺ ሥራ ደግሞ ከሞላ ጎደል ላይብረሪ ነው፦ ኤክሴል ማንበብ፣ ከዳታቤዝ ጋር መገናኘት፣ ፒዲኤፍ ማውጣት። በፓይተን ሦስቱም ተሠርተው፣ ተፈትነው ተቀምጠዋል። እንዲህ ባለው ሥራ ማክሮ የሚያቀልልሽ ድካም ትንሽ ነው።

ወጣቷ፦ ሌላው የሊስፕ ልጅ፣ ክሎጁርስ? የጃቫን ላይብረሪዎች ይጠቀማል ሲባል ሰምቻለሁ።

አዛውንቱ፦ እውነት ነው። ሪች ሂኪ በ2007 ይፋ ሲያደርገው በጃቫ ቨርቹዋል ማሽን ላይ ነው የተከለው፤ የላይብረሪው ችግር በአብዛኛው ተቃለለ። የብራዚሉ ኑባንክ ብዙ ሥራውን የሠራው በክሎጁር ነው። እነሱ ግን ቋንቋውን የሚያውቅ ብዙ ባልደረባ አላቸው። አንቺ ነገ ሌላ ቦታ ብትቀጠሪ ኮድሽን ማን ይረከባል?

ወጣቷ፦ ቢሮአችን ውስጥ ሊስፕ የሚያውቅ የለም።

አዛውንቱ፦ እንግዲያው የቢሮውን በፓይተን ሥሪ። የሚረከብሽን ሰው ማንም በማያነበው ኮድ አትቅጪው።

ወጣቷ፦ ሊስፕን ልተወው ማለት ነው?

አዛውንቱ፦ ፈጽሞ! የማታውን ጊዜሽን ለስኪም ስጪው። አቤልሰንና ሱስማን ለኤምአይቲ ተማሪዎች ያዘጋጁት መጽሐፍ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛል። አራተኛው ምዕራፍ ላይ ስኪምን የሚያስኬድ ፕሮግራም በራሱ በስኪም ትጽፊያለሽ። እኔ ከዚያ የተሻለ የፕሮግራሚንግ ትምህርት አላየሁም፤ ፓይተን የጻፍሽለትን ተቀብሎ ውስጥ ውስጡን ምን እንደሚያደርግ የሚገባሽ ያን ጊዜ ነው። አደራ፣ መልመጃዎቹን ሳትዘዪ ሥሪያቸው።