ንግሥት እሌኒን ያከበራት ማን ነው?

ንግሥት እሌኒ በቤተ ክርስቲያን የምትከበረው የንጉሥ እናት ስለ ነበረች ነው የሚሉ አሉ። ለዚህ አሳብ መልስ የሚሆን ምስክር ከራሱ ከሮም መንግሥት ገንዘብ እናገኛለን።

የሮም ነገሥታት እናቶቻቸውንና ሚስቶቻቸውን ሊያከብሩ ሲወዱ መልካቸውን በነሐስ ገንዘብ ላይ ያሳትሙ ነበር፤ ነሐስ የድኻው መገበያያ ስለ ሆነ ክብራቸው በየገበያው ይታወቅ ነበርና። ቆስጠንጢኖስም በ324 ዓ.ም. ገደማ (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) እናቱን እሌኒንና ሚስቱን ፋውስታን አውግስታ አሰኝቶ በሁለቱም መልክ ገንዘብ አሳተመ። በእሌኒ ገንዘብ ጀርባ ቅርንጫፍ የያዘች ሴት ቆማ ትታያለች፤ ጽሕፈቱም «የመንግሥት ጸጥታ» ማለት ነው። በፋውስታ ገንዘብ ላይ ሁለት ሕፃናት የታቀፈች እናት አለች፤ ጽሕፈቱም «የመንግሥት ተስፋ» ማለት ነው። ነገር ግን ፋውስታ በ326 ዓ.ም. በንጉሡ ትእዛዝ ሞተች፤ ተስፋ ብሎ የጻፈላት መንግሥት ራሱ ሕይወቷን ቈረጠ።

ዳግመኛም ቆስጠንጢኖስ ካረፈ በኋላ፣ ከ337 እስከ 340 ዓ.ም. ባለው ዘመን፣ ልጆቹ ቀድመው ያረፉትን የሁለት ሴቶች መልክ በነሐስ አሳተሙ። አንዲቱ እሌኒ ናት፤ ሁለተኛይቱም የቆስጠንጢኖስ አባት ቍንስጣ እሌኒን ትቶ ያገባት ቴዎዶራ ናት። የተተወችውና በእርሷ ፈንታ የገባችው በአንድ ዘመን በአንድ ዓይነት ገንዘብ ተከበሩ።

እንግዲህ የእሌኒ ክብር ከመንግሥት የመጣ ቢሆን ኖሮ ፋውስታና ቴዎዶራም ከእርሷ ጋር በታሰቡ ነበር። ገንዘቡ የጻፈላት የመንግሥትን ጸጥታ ነው፤ ወደ ኢየሩሳሌም መውረዷን፣ መስቀሉን መሻቷን፣ ለድኾች መራራቷን አልጻፈላትም። ቤተ ክርስቲያን ግን የምታስባት በዚህ ነው፤ ስለዚህም በየዓመቱ በመስቀል በዓል በሞላሌም ሆነ በሌላው አገር ደመራ ሲደመር የሚነገረው ሥራዋ ነው እንጂ መልኳ የታተመበት ገንዘብ አይደለም።

ምሳሌውም ከእኛ ሩቅ አይደለም። አባቶቻችን በሸዋ ደጋ ይገበያዩበት የነበረው ጠገራ ብር የኦስትርያዪቱ የማርያ ቴሬዛ መልክ ያለበት ነው፤ በዙሪያውም ያለው የላቲን ጽሕፈት የሮም ንግሥት ይላታል። አንጥረኞች ያንን ብር እያቀለጡ የአንገት መስቀል ሠርተውበታል። መልኩና ማዕርጉ በእሳት ጠፋ፤ ብሩ ግን መስቀል ሆኖ በምእመናን አንገት ላይ ቀረ።

ስለዚህ ምእመናን ሆይ፣ መባ ስናገባ ስማችን በቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ላይ ይጻፍልን የምንል ሁሉ የፋውስታን ገንዘብ እናስብ፤ የእሌኒንም ሥራ እንከተል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።