የመኪናን የፊት መብራት ከሃሎጅን ወደ ዜኖን ስለ መለወጥ

ለባለ መኪና ነጋዴዎችና ለሾፌሮች የሚሆን ትምህርት

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ያለው ንግድ የቆመው በመንገድ ላይ ነው። የአገሩ ድንች፣ ገብስና ጤፍ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ባሕር ዳር የሚወርደው፣ ጨው፣ ስኳር፣ ዘይትና ጨርቃ ጨርቅም ወደ ነፋስ መውጫ፣ ወደ አርብ ገበያ፣ ወደ ወገዳና ወደ መካነ ኢየሱስ የሚመለሰው በጭነት መኪና ነው። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር፣ በጋሳይ፣ በክምር ድንጋይና በነፋስ መውጫ አልፎ፣ ጨጨሆን ተሻግሮ ወደ ወልድያ የሚዘልቀው ዋና መንገድ፣ ከፍታው ከ4,000 ሜትር የሚበልጠውን የጉናን ተራራ ታክኮ ያልፋል። በክረምት ወራት ብዙ ቀን ጉሙ ረፍዶም አይገለጥም። ስለዚህ ጎሕ ሳይቀድ ለተነሣ፣ ወይም በመንገድ ላይ ለመሸበት ሾፌር፣ የፊት መብራቱ ሁለተኛ ዐይኑ ነው።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ብዙ ባለ መኪናዎች «የፋብሪካው መብራት ደካማ ነው» እያሉ አምፖሉን አውጥተው በዜኖን አምፖል ይተካሉ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ በኋላ ደግሞ፣ በእጅ ያለውን መኪና እያደሱ መጠቀም የሚያስመሰግን አሳብ ሆኗል። ዳሩ ግን አምፖሉን ብቻ ለውጦ የአምፖሉን ቤት እንዳለ የተወ ሰው፣ ብርሃን አገኘሁ ሲል አደጋ ይገዛል። ይህ ለምን እንደ ሆነና ለውጡ በደኅና የሚፈጸምበትን መንገድ ከዚህ በታች እንገልጻለን።

የሁለቱ መብራቶች ጠባይ

የሃሎጅን አምፖል በውስጡ ከቱንግስተን የተሠራ ቀጭን የሽቦ ጥቅል አለው፤ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ሽቦው ግሎ ያበራል። በአውሮፓ መኪናዎች ላይ መግባት የጀመረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1962 ዓ.ም. ነው። ዛሬ በብዙ መኪና ላይ የምናየውና አጭሩን መብራትና ረጅሙን መብራት በሁለት ሽቦዎች በአንድነት የያዘው ኤች 4 የሚባለው አምፖል በ1971 ዓ.ም. ተከተለ። ባለ 12 ቮልቱ ኤች 4 ለአጭሩ 55፣ ለረጅሙ 60 ዋት ይወስዳል። በአጭሩ መብራት የሚሰጠው ብርሃን 1,000 ሉመን ያህል ነው፤ ሉመን ማለት የብርሃን ብዛት መስፈሪያ ነው።

የዜኖን አምፖል ግን የሚግል ሽቦ የለውም። በትንሽ የኳርትዝ ብርጭቆ ውስጥ ዜኖን የሚባል ጋዝና የብረታ ብረት ጨዎች ይገኛሉ፤ በሁለት ጫፎች መካከል ኤሌክትሪክ ሲዘል ጋዙ ያበራል። ይህን ለማስነሣት 20,000 ቮልትና ከዚያም በላይ ያስፈልጋል። ከተነሣ በኋላ 35 ዋት ብቻ እየወሰደ 3,200 ሉመን ገደማ ይሰጣል። ኀይሉን የሚያዘጋጅለት ባላስት የሚባለው ትንሽ ሣጥን ነው። የጀርመኑ የቢ.ኤም.ደብልዩ ፋብሪካ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1991 ዓ.ም. ይህን መብራት በመኪና ላይ አወጣ። እንግዲህ ባነሰ ኀይል ሦስት እጥፍ ብርሃን መስጠቱ እውነት ነው፤ ገዢውን የሚማርከውም ይኸው ነው።

ጉዳቱ በማን ላይ ይወድቃል?

የፊት መብራት ቤት እንደ ድስት ክዳን ለመጣው ሁሉ የሚገጥም ዕቃ አይደለም። ከአምፖሉ በስተ ኋላ ያለው አንጸባራቂ የተቀረጸው ለሃሎጅኑ ሽቦ ርዝመትና ለተቀመጠበት ስፍራ በሚሊሜትር ተለክቶ ነው። በኤች 4 ውስጥ ደግሞ ከአጭሩ መብራት ሽቦ በታች ብርሃኑ ወደ ላይ እንዳይወጣ የሚከልል ትንሽ ጋሻ አለ። የዜኖኑ ብርሃን ቅርጹም ሆነ የሚነሣበት ቦታ ሌላ ስለ ሆነ፣ በዚያ ቤት ውስጥ ሲገባ መሬት መሬቱን መሄዱን ትቶ ወደ ላይና ወደ ጎን ይበተናል። የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት እንዲህ በሃሎጅን ቤት ውስጥ የሚከተት የዜኖን ዕቃ የአገሩን ሕግ እንደማያሟላ ያስታወቀው ስለዚህ ነው።

ወደ ላይ የተበተነው ብርሃን በጉም ውስጥ ተመልሶ ወደ ሾፌሩ ዐይን ይመጣል፤ በፊቱም ነጭ መጋረጃ የተዘረጋ ይመስለዋል። የባሰው ግን ከፊት ለፊት በሚመጣው ላይ ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል። ሾፌሩ ለሦስት ሴኮንድ ዐይኑ ቢጭበረበር 50 ሜትር ሳያይ ሄደ ማለት ነው። በዚያች 50 ሜትር ውስጥ በገበያ ቀን አህያውን ጭኖ፣ ጋቢውን ተከናንቦ፣ የመንገዱን ዳር ይዞ የሚገሠግሥ ገበሬ ሊኖር ይችላል። ያ ገበሬ እህሉን የምንገዛው፣ ጨርቁንና ጨውን የምንሸጥለት ደንበኛችን ነው። «ለራስ ሲቈርሱ አያሳንሱ» የሚለው ተረት ለእንጀራ ይሆን ይሆናል፤ ለመንገድ መብራት ግን አይሆንም።

አስቀድሞ ያለውን ማደስ

ደካማ የተባለው መብራት ብዙ ጊዜ የተበደለ መብራት ነው። ስለዚህ ባለ መኪናው አዲስ ዕቃ ከመግዛቱ በፊት የሚከተሉትን ያስመርምር።

1ኛ. የመብራቱ ፊት በፀሐይና በአቧራ ብዛት ቢጫ ሆኖ ወይም ደብዝዞ እንደ ሆነ ይወልወል፤ የማይጠራ ከሆነ ይለወጥ። ውስጡ ያለው አንጸባራቂ ከተላላጠ ማንኛውም አምፖል አያድነውም።

2ኛ. ሞተሩ ተነሥቶ መብራቱ እየበራ ሳለ በአምፖሉ መሰኪያ ላይ ያለው ቮልት ይለካ፤ በባትሪው ላይ ካለው ጋርም ይነጻጸር። የሃሎጅን ቮልት በ10 በመቶ ሲቀንስ ብርሃኑ በ30 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ባለ 12 ቮልት በሆነ መኪና ልዩነቱ ከግማሽ ቮልት በላይ ከሆነ፣ ጥፋቱ ያረጀው ሽቦ ወይም ከሻሲው ጋር የሚገናኘው የዛገ ማሰሪያ ነው። ሽቦው ቢታደስና ኀይሉ በሪሌ አማካይነት ከባትሪው በቀጥታ ቢመጣ፣ ያው አምፖል እንደ አዲስ ያበራል።

3ኛ. ያረጁ አምፖሎች ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይለወጡ። ብርጭቆው በባዶ እጅ አይነካ፤ የጣት ወዝ በሙቀት ጊዜ ያበላሸዋልና። ብርሃን ለመጨመር ተብሎ 100 ዋት አምፖል ማስገባት ግን ሽቦውንና መሰኪያውን ያቀልጣል።

ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ ብዙ ሰው የዜኖን አሳቡን ይተዋል፤ ገንዘቡም በኪሱ ይቀራል።

ለመለወጥ ለቈረጠ ሰው

1ኛ. አምፖሉ ከነቤቱ ይለወጥ። ለዜኖን ተብሎ የተሠራና ብርሃኑን ከላይ በኩል እንደ ቢላዋ ቈርጦ የሚያወጣ ባለ ሌንስ ቤት፣ ማለት ፕሮጀክተር፣ ያስፈልጋል።

2ኛ. ቤቱ በቀኝ በኩል ለሚነዳበት አገር የተሠራ ይሁን። አገራችን ከሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ ትነዳለች፤ ስለዚህ የአጭሩ መብራት ጫፍ ከፍ የሚለው በቀኝ፣ በእግረኛው ዳር በኩል መሆን አለበት። ከጃፓን ወይም ከእንግሊዝ አገር መኪና የተፈታ ያገለገለ መብራት ግን በግራ በኩል ከፍ ስለሚል፣ በቀጥታ የሚመጣውን ሾፌር ዐይን ይወጋል።

3ኛ. ቮልቱ ይታይ። ብዙዎቹ የጭነት መኪናዎች ባለ 24 ቮልት፣ ሚኒባሶችና የቤት መኪናዎች ግን ባለ 12 ቮልት ናቸው። ለ12 የተሠራ ባላስት በ24 ላይ ቢሰካ ይቃጠላል።

4ኛ. ባላስቱ ውሃና ጭቃ በማይደርስበት ስፍራ በብሎን ጠብቆ ይታሰር፤ በሽቦ ወይም በላስቲክ ታስሮ አይንጠልጠል። የራሱ ፊውዝና የራሱ ሪሌ ይኑረው። ስለ 20,000 ቮልቱ ሲባል መብራቱ ሳይጠፋና ከባትሪው ገመድ ሳይፈታ ማንም እጁን አያስገባ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደ ተባለ፣ በችኮላ የተገጠመ ዕቃ ገና ወጣ ገባው መንገድ ላይ ይረግፋል።

5ኛ. የብርሃኑ ቀለም 4,300 ኬልቪን አካባቢ ይሁን፤ ይህም ፋብሪካዎች የሚመርጡት ነጭ ነው። 8,000 ተብሎ የሚሸጠው ሰማያዊ አምፖል ለዐይን ያማረ ቢመስልም የሚሰጠው ብርሃን ያነሰ ነው።

6ኛ. ዜኖን ሙሉ ብርሃኑን እስኪሰጥ ጥቂት ሴኮንዶች ይፈጅበታል። ስለዚህ በድንገት ለሚበራው ለረጅሙ መብራት ሃሎጅኑን ማቆየት፣ ወይም በአንድ አምፖል ጋሻውን ብቻ እያንቀሳቀሰ ሁለቱንም የሚሰጠውን ፕሮጀክተር መምረጥ ይገባል።

7ኛ. ከአንዳንድ ዓይነቶች በቀር በዜኖን አምፖል ውስጥ ሜርኩሪ አለ። የተሰበረው በእርሻ ወይም በውሃ ዳር አይጣል።

ዛሬ ገበያውን ለሞላው የኤል.ኢ.ዲ. አምፖልም ደንቡ ይኸው ነው፤ ለሃሎጅን በተሠራ ቤት ውስጥ ቢከተት ያው መበተን ያገኘዋል።

ስለ ማስተካከል

ከሁሉ የሚረሳው ይህ ነው። መኪናው በደልዳላ መሬት ላይ፣ ጎማው በልኩ ተነፍቶ፣ ከግድግዳ በ10 ሜትር ርቀት ይቁም። የመብራቱ መካከል ከመሬት ያለው ከፍታ ተለክቶ በግድግዳው ላይ በጠመኔ ይሠመር፤ ከዚያ መሥመር በ10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ተብሎ ሌላ መሥመር ይሠመር። የአጭሩ መብራት የላይኛው ጠርዝ በታችኛው መሥመር ላይ ሲያርፍ መብራቱ ተስተካከለ ይባላል። ይህ ሥራ መኪናው ጭነቱን እንደ ያዘ ይደረግ፤ ምክንያቱም ኋላው በኵንታል ብዛት ሲጫን አፍንጫው ወደ ላይ ስለሚነሣ፣ ባዶውን የተስተካከለ መብራት ከጭነት በኋላ ሰማይ ያያል። አውሮፓውያን ከ2,000 ሉመን በላይ ለሚሰጥ አጭር መብራት በራሱ የሚስተካከልና ፊቱን የሚያጥብ መሣሪያ እንዲኖረው በደንብ የወሰኑት ይህን ዐውቀው ነው። ባለ መኪናውም ለዓመታዊው ምርመራ ከመቅረቡ በፊት ስለ ለወጠው መብራት መርማሪዎቹን ቢጠይቅ በኋላ ከመመላለስ ይድናል።

ስለ ሾፌሩና ስለ መዝገቡ

መልካም መብራት ያለ መልካም ሾፌር ዋጋ የለውም። ከፊት መኪና ሲመጣ ረጅሙን ማጥፋት፣ በጉም ጊዜ በአጭሩ ብቻ ቀስ ብሎ መሄድ፣ በየቀኑ ረዳቱ የመብራቱን ፊት በእርጥብ ጨርቅ እንዲወለውል ማዘዝ የሾፌሩ ግዴታ ነው። በሌሊት መጓዝ በተከለከለበት ጊዜ ደግሞ የመብራት ብርታት ምክንያት ሆኖ ትእዛዝ አይሻር።

በንግድ ቤት ጸሐፊነት ለምናገለግል ሰዎችም ድርሻ አለን። ለእያንዳንዱ መኪና በመዝገብ አንድ ገጽ ተከፍቶ፣ አምፖሉ የተለወጠበት ቀንና ኪሎ ሜትር፣ የዕቃው ዓይነትና ቮልት፣ መብራቱ የተስተካከለበትም ቀን ቢጻፍ፣ ጌታው የሚያወጣውን ገንዘብ ዐውቆ ያወጣል፤ ሾፌሩም «ነግሬ ነበር» ከማለት፣ ጋራዡም «አልሰማሁም» ከማለት ይድናል። አንድ መብራት በትክክል ለማሠራት የሚወጣው ገንዘብ በወጪ ዓምድ የሚጻፍ ቍጥር ነው። በጨለማ የጠፋች ነፍስ ግን በየትኛውም ዓምድ ተጽፋ አትተካም። ስለዚህ ባለ መኪና የሆነ ነጋዴ ሁሉ፣ በዚህ ሳምንት መኪናውን በግድግዳ ፊት አቁሞ መብራቱ የት እንደሚያርፍ በገዛ ዐይኑ ይመልከት።