የተሳሳተ ሳንቲም ዋጋ የሚያወጣው መቼ ነው?

በሸቀጥ ገበያ እንከን ያለበት ዕቃ ዋጋው ይወርዳል። በሳንቲም ሰብሳቢዎች ገበያ ግን እንከኑ ራሱ ዋጋ የሚያወጣበት ጊዜ አለ። ይሁን እንጂ መልኩ የተበላሸ ሳንቲም ሁሉ ውድ አይደለም። ልዩነቱን ሳያውቅ ወደዚህ ገበያ የሚገባ ሰው በሺህ የሚቆጠር ዶላር ከፍሎ ዋጋ ቢስ ብረት ይዞ ሊመለስ ይችላል።

ነገሩን ለመረዳት ከአመራረቱ መነሳት ይገባል። ሳንቲም የሚቀረጸው ዳይ በተሰኘ የብረት ማኅተም ነው። ለፊትና ለጀርባ ሁለት ዳዮች ይዘጋጃሉ። በመካከላቸው ክብ ብረት ገብቶ በከባድ ኃይል ሲመታ ምስሉና ጽሑፉ ይወጣል። አንድ ዳይ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሳንቲም ስለሚያወጣ፣ በዳዩ ላይ ያለ ስሕተት በእያንዳንዱ ሳንቲም ላይ ይደገማል። ሰብሳቢዎች የሚፈልጉትም ይህን ተደጋጋሚ ስሕተት ነው። ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ የተጨራመተ ሳንቲም ግን ጉዳት የደረሰበት ከመባል አያልፍም።

ለዚህ ዋነኛው ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1955 በፊላደልፊያ የተመረተው የአሜሪካ ባለ አንድ ሳንቲም ነው። በዚያ ዘመን ዳይ ሲሠራ ምስሉን በሚገባ እንዲይዝ ከእናት ማኅተሙ ጋር ከአንድ ጊዜ በላይ ይጫን ነበር። በመካከሉም በእሳት እንዲለሰልስ ይደረጋል። ከዳዮቹ አንዱ ለሁለተኛ ጊዜ ሲጫን በጥቂቱ ዞሮ ስለነበር፣ ዓመቱና ጽሑፉ ተደርበው ተቀረጹበት። ስሕተቱ የተደረሰበት ሳንቲሞቹ ከደኅነኞቹ ጋር ከተቀላቀሉ በኋላ ነበር። በመሆኑም ሁሉንም ከማቅለጥ ይልቅ እንዳሉ እንዲሰራጩ ተደረገ።

የተሰራጩት ከ20,000 እስከ 24,000 እንደሚሆኑ ይገመታል። ይህም ፊላደልፊያ በዚያ ዓመት ካወጣችው ከ330 ሚሊዮን በላይ ባለ አንድ ሳንቲም አንጻር ኢምንት ነው። በርካቶቹ ሕዝብ እጅ የገቡት በሲጋራ መሸጫ ማሽኖች አማካይነት ነበር። የአንድ ፓኮ ዋጋ 23 ሳንቲም ሲሆን ገዢው ባለ 25 ሳንቲም ስለሚከት፣ መልሱ ሁለት ሳንቲም በፓኮው መጠቅለያ ውስጥ ይታሸግ ነበር። ዛሬ በደህና ይዞታ ላይ ያለ አንዱ ከ1,000 ዶላር በላይ ይሸጣል።

አደጋው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በዚያው ዓመት ከወጡት መካከል የመጨረሻዋ 5 ቁጥር ብቻ ተደርባ የምትታይባቸው ሌሎች ሳንቲሞች አሉ። ሰብሳቢዎች «የድሃ ሰው ድርብ» ይሏቸዋል። መንስኤው የዳይ ማርጀት በመሆኑ ዋጋቸው ከጥቂት ዶላር አይዘልም። በሚመታበት ቅጽበት ዳዩ ተንቀሳቅሶ የሚፈጠር ጠፍጣፋ ድርብርብም ገዢ የለውም።

ከዚህ የከፋው ሐሰተኛው ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 በዴንቨር የወጣው ባለ 5 ሳንቲም ጎሽ ሦስት እግር ብቻ አለው። ዳዩ ሲወለወል ከልክ በላይ በመፋቁ የቀኝ የፊት እግሩ ጠፍቷል። አጭበርባሪዎች ታዲያ የተራውን ሳንቲም አራተኛ እግር ፍቀው ይሸጣሉ። የእውነተኛው ዳይ አሻራ ግን በእግሩ ብቻ አያበቃም። ከጎሹ ሆድ ሥር የነጠብጣብ መስመር ይታያል። በ1955ቱ ጀርባም በ«ሴንት» ቃል የመጨረሻ ፊደል ግራ ጎን ሁለት ቀጫጭን ጭረቶች አሉ። ስሕተቱን ውድ ያደረገው መደጋገሙ፣ ማረጋገጫውም እሱው ነው።

እንግዲህ ገዢ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን ማንሳት ይኖርበታል። ስሕተቱ ከዳዩ ነው ወይስ ከዳዩ ማርጀት? ምን ያህል አምሳያ አለው? ያረጋገጠውስ ማን ነው? ለመጨረሻው ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ1986 ሥራ የጀመረው ፒሲጂኤስና በ1987 የተቋቋመው ኤንጂሲ ሳንቲሙን መርምረው፣ ደረጃ ሰጥተው በማሸጊያ ይዘጋሉ። ክፍያ ይጠይቃሉ፤ ነገር ግን ያልተረጋገጠ ሳንቲም በግዢ ጊዜ ርካሽ ቢመስልም በሽያጭ ጊዜ የሚያስከፍለው ይበልጣል።