ለጠበቃ የነገርነው ምስጢር

በዛሬው ትምህርታችን የምናየው ስለ ጠበቃ፣ በዕብራይስጥ «ኦሬኽ ዲን» ስለሚባለውና እሱ ዘንድ ስለምናስቀምጠው የግል ጉዳያችን ነው። ርእሱን የመረጥኩት ተሳስቼ የተማርኩት ነገር ስላለ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጎንደር ስንመጣ የተወለድኩበትን ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተናገርኩ፤ ቁጥሩም ሳይለወጥ እንዳለ ተመዘገበ። የሁለቱ አቆጣጠር ልዩነት 7 ወይም 8 ዓመት ስለሆነ በቴውዳት ዜሁቴ ላይ በአንድ ቀን ሸመገልኩ! ሥራ ፍለጋ ስሄድ መታወቂያዬን እያዩ ይመልሱኝ ጀመር። «በ1963 የወጣ የዕድሜ መወሰኛ ሕግ አለ፤ ጠበቃ አማክር» ስባል እዚሁ ሐዴራ ወደ አንድ የጠበቃ ቢሮ ሄድኩ። (ዓመቶቹ ከዚህ ጀምሮ ሁሉም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ዕብራይስጤ ገና ስለሆነ ጎረቤቴን ለማስተርጎም ይዤው ገባሁ። ጠበቃዋ መቼ እንደተማርኩ፣ መቼ እንዳገባሁ፣ የመጀመሪያ ልጄ መቼ እንደተወለደች ጠየቀችኝ። እኔም ከዛሬዋ ባለቤቴ በፊት ትዳር እንደነበረኝ፣ ከዚያም አንዲት ልጅ እንዳለችኝ ተናገርኩ። ባለቤቴ ታውቃለች፤ እዚህ ላሉት ልጆቼ ግን ጊዜ ጠብቄ ልነግራቸው ነበር ያሰብኩት። በሦስተኛው ቀን ትንሹ ልጄ ከግቢ እየሮጠ ገባና፣ «አባዬ፣ ሌላ እህት አለችን እንዴ?» አለኝ።

ደሜ ፈላ። በማግስቱ ቢሮው ድረስ ሄጄ ጮህኩ። ጠበቃዋ በስልክ አማርኛ አስተርጓሚ አገናኘችኝ፤ ተናግሬ እስክጨርስም ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፦ «ያን ዕለት ክፍሉ ውስጥ እነማን ነበርን?» ቆጠርኩ። እሷ፣ እኔ፣ ጎረቤቴ። አፌ ተያዘ።

ሕጉ ምን ይላል?

እኛ ያደግነው ፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ ጸሐፊው ዘንድ ቁጭ ብለን፣ ወረፋ የያዘው ሁሉ እየሰማ ጉዳያችንን ስንናገር ነው። እዚህ ግን በ1961 የወጣው የጠበቆች ማኅበር ሕግ በአንቀጽ 90 ጠበቃ ከሙያ አገልግሎቱ ጋር በተያያዘ ከደንበኛው የሰማውን ነገርና የተቀበለውን ሰነድ እንዳያወጣ ያዛል። ይህ ከለላ «ሒሳዮን» ይባላል። ፍርድ ቤት ቆሞ እንኳ እንዲናገር አይገደድም። ቁልፉ ያለው በደንበኛው እጅ ነው፤ ደንበኛው ራሱ «ተናገር» ካላለ በቀር አይከፈትም።

«ጸሐፊዋስ?» ትሉ ይሆናል። የማስረጃ ሕጉ በአንቀጽ 48 ከለላውን ለጠበቃው ሠራተኞችም ያደርገዋል። እንዲሁም በ1986 የወጣው የጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ጠበቃ ከደንበኛው ያወቀውን ሁሉ በምስጢር እንዲይዝ ያስገድደዋል። ወደፊት ወንጀል ለመሥራት ምክር የሚጠይቅ ሰው ግን በዚህ ከለላ አይጠለልም።

ገንዘብ የሌለውም አይቅርበት። በ1972 በወጣው የሕግ እርዳታ ሕግ መሠረት መመዘኛውን ለሚያሟላ ሰው የፍትሕ ሚኒስቴር ጠበቃ ይመድብለታል። ያም ጠበቃ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታው አንድ ነው።

ወረቀታችንስ?

የመታወቂያ ቅጂ፣ የሐኪም ወረቀት፣ የባንክ ወረቀት ቢሮው ውስጥ ይቀራሉ፤ ዛሬ ደግሞ ኮምፒውተር ውስጥ ይገባሉ። የ1981 የግላዊነት ጥበቃ ሕግ ለመረጃ ቋቱ መረጃችንን የሚጠይቀን ሰው ለምን እንደሚፈልገው፣ ለማን እንደሚሰጠውና በሕግ የመስጠት ግዴታ እንዳለብን ወይም እንደሌለብን እንዲነግረን ያዛል። በመረጃ ቋት ውስጥ ስለ እኛ የተያዘውን ለማየት፣ ስሕተት ካለበትም እንዲታረም ለመጠየቅ መብት ይሰጠናል። በ2017 የወጣው የመረጃ ደኅንነት ደንብ ደግሞ ማን ፋይሉን መክፈት እንደሚችል እንዲወሰንና መረጃው ከሌባ ዓይን እንዲጠበቅ ያስገድዳል። ሕጉ በቅርቡ ተሻሽሎ ከነሐሴ 2025 ጀምሮ የባለሥልጣኑ የመቆጣጠርና የመቅጣት ሥልጣን ጠንክሯል።

ከመፈረማችን በፊት

ጠበቃ ሁለት ወረቀት ሊያስፈርመን ይችላል። አንደኛው «ይፑይ ኮአኽ» ነው፤ በእኛ ስም እንዲሠራ የምንሰጠው ውክልና ነው። ሁለተኛው «ቪቱር አል ሶዲዩት» ነው፤ ኩፓት ሆሊም የሕክምና ምስጢራችንን ለእሱ እንዲሰጥ የምንፈቅድበት ነው። የታካሚ መብት ሕግ በ1996 ወጥቶ የሕክምና ምስጢርን ስለሚጠብቅ ያለ ፊርማችን ዝም ብሎ አይሰጥም። ስለዚህ፦ የትኛው ሰነድ? ከየትኛው ዓመት እስከ የትኛው? ለማን? ብለን ጠይቀን እንፈርም። ቅጂውንም እንያዝ።

የእኛ ፈንታ

ሕጉ ጠበቃውንና ሠራተኞቹን ያስራል። እኔ ይዤው የገባሁትን ጎረቤት ግን የቢሮው ሠራተኛ አይደለምና እንደ እነሱ አላሰረውም። ጎረቤቴ ክፉ ሰው አይደለም፤ ቡና ላይ ጨዋታ ሲነሳ አመለጠው። እኔም «ይህ ምስጢር ነው» ብዬ አላስጠነቀቅኩትም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው! ይቅርታ ጠየቀኝ፣ ታረቅን። ልጆቼንም አስቀምጬ እኔው ራሴ ስለ እህታቸው ነገርኳቸው።

እንግዲህ ቀጠሮ ስንይዝ «አማርኛ አስተርጓሚ አላችሁ?» ብለን አስቀድመን እንጠይቅ። ልጆቻችንን አናስተርጉም፤ የአባትና የእናታቸውን ሸክም ለምን እናሸክማቸዋለን? መታወቂያችንንም በሰው ስልክ ፎቶ አንስተን አንላክ፤ ፎቶው እዚያው ስልክ ላይ ይቀራል።

ይህን ሁሉ ፈርተን ደግሞ ከጠበቃው እውነቱን አንደብቅ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። እኔም ሁለተኛ ስሄድ ብቻዬን ገብቼ፣ በቢሮው አስተርጓሚ በኩል የቀረውን ሁሉ ተናገርኩ።

የዛሬ ቃላት

ኦሬኽ ዲን — ጠበቃ
ሶድ — ምስጢር
ሒሳዮን — በሕግ የተጠበቀ ምስጢር
ሜቱርገማን — አስተርጓሚ
ኽቲማ — ፊርማ

ለክፍል ውይይት

1. የሒሳዮን ቁልፍ በማን እጅ ነው?
2. የቢሮው አስተርጓሚና ጎረቤት ልዩነታቸው ምንድን ነው?
3. «ቪቱር አል ሶዲዩት» ከመፈረማችሁ በፊት ምን ትጠይቃላችሁ? በዕብራይስጥ ሞክሩት።