ስለ ክልክል ሣርና ስለ ክልክል ተራራ፤ ሕዝብ ራሱ ጠብቆ መሬቱን ስለሚያድንበት ሥርዓት

መሬት የሚጐዳው በሁለት ምክንያት ነው፤ አንደኛው ጐርፍ ነው፥ ሁለተኛውም ሥርዓት ማጣት ነው። ስለ ጐርፍ ጉዳት ብዙ ተጽፏል፤ የእርከን አሠራርና የችግኝ አተካከልም በየወረዳው ሲነገር ኖሯል። ሥርዓት በማጣት ስለሚመጣው ጉዳት የሚነገረው ግን ጥቂት ነው፤ ሆኖም እርከኑን የሚያፈርሰውና ችግኙን የሚያስበላው ይኸው ሁለተኛው ስለ ሆነ፥ አገር እንዲያስተዳድሩ የተሾሙ ሰዎች ከሁሉ አስቀድመው ሊያውቁት ይገባል።

በደጋው አገር የዓመቱ ዝናም አብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ ተሰብስቦ ይወርዳል። ተራራው ሣርና ቍጥቋጦ ለብሶ ከቈየው፥ ጠብታው በመጀመሪያ ቅጠሉን ይመታል፤ ከቅጠሉም ቀስ ብሎ ወደ ሥሩ ይወርዳል፤ ሥሩ በከፈተለትም መንገድ ወደ ምድር ውስጥ ይገባል፤ ከወራትም በኋላ ከግርጌው ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ተራራው ተራቍቶ ከቈየው ግን፥ ጠብታው አፈሩን ይመታውና ያደቀዋል፤ የደቀቀውም አፈር የምድሩን ቀዳዳ ይደፍነዋል፤ ውሃውም መግቢያ አጥቶ አፈሩን ይዞ ይወርዳል። ስለዚህ በክረምት ድልድይ የሚያፈርሰው ጐርፍና በበጋ የሚደርቀው ምንጭ ሁለት ልዩ ልዩ መከራዎች አይደሉም፤ የአንድ መራቆት ልጆች ናቸው። በበጋ ውሃ ጠፋብን ብሎ አቤት የሚለው ሕዝብ፥ ለጥያቄው መልስ የሚያገኘው ከጕድጓዱ ሳይሆን ከጕድጓዱ በላይ ካለው ተራራ ነው።

እንግዲህ ተራራውን የሚያለብሰው ምንድር ነው ቢባል፥ ብዙ ሹማምንት ችግኝ ነው ብለው ይመልሳሉ። ችግኝ መልካም ነው፤ ዳሩ ግን ከብት እንደ ልቡ በሚሰማራበት ተራራ የተተከለ ችግኝ ለፍየል የቀረበ ድግስ ነው። የተተከለውን መቍጠር ቀላል ነው፤ ከሦስት ዓመት በኋላ የቆመውን መቍጠር ግን ድፍረት ይጠይቃል። መሬቱ ከእግርና ከጥርስ ካረፈ፥ ብዙውን ጊዜ ማንም ሳይተክለው ራሱ ይለብሳል። ስለዚህ የነገሩ ሁሉ መነሻ መከልከል ነው። ከዚህም ቀጥሎ የሚመጣው ከባድ ጥያቄ፥ የሚከለክለው ማን ነው የሚለው ነው።

ለዚህ ጥያቄ የመንዝ ሕዝብ ከብዙ ዘመን በፊት መልስ ሰጥቶበት ነበር። በሰሜን ሸዋ በመንዝ ምድር ጓሳ የሚባል ሰፊ ውርጫማ አምባ አለ። ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ሲሆን፥ ስፋቱም ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ይገመታል። ስሙን ያገኘው በላዩ ከሚበቅለው ጓሳ ከሚባለው ሣር ነው። ይህ ሣር ረጅምና ጠንካራ ስለ ሆነ፥ ለቤት ክዳን የሚተካከለው የለም፤ ገመድ ይገመድበታል፥ መጥረጊያ ይሠራበታል፥ እረኛውም ከዝናም የሚጠለልበት ገሳ ይሆናል። ከጓሳው የሚፈልቀው ውሃ በምዕራብ በኩል በጀማ ወንዝ አድርጎ ወደ ዐባይ፥ በምሥራቅ በኩልም ወደ አዋሽ ይወርዳል። ጭላዳና ቀይ ቀበሮም በዚያ ይኖራሉ። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኝ አውሬ ነው፤ ቍጥሩም ጥቂት መቶ ብቻ ስለ ሆነ፥ ጓሳ ለመንዝ ሰው ብቻ ሳይሆን ለዓለምም ጭምር አደራ ነው ማለት ይቻላል።

ይህ አምባ የተጠበቀው ቄሮ በሚባል ሥርዓት ነበር። ሥርዓቱ ከ17ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ እንደ ነበረ ይነገራል፤ በአገሬውም ትውፊት አስቦና ጌራ የተባሉ ሁለት አባቶች የጓሳውን ምድር ተካፍለውታል። በሣሩ ለመጠቀም መብት የነበራቸው ከእነዚህ አባቶች የሚወለዱት ባለ ርስቶች ነበሩ። በየወገኑም ሕዝቡ የሚመርጠው አለቃ ነበረ፤ እርሱም አባ ቄራ ወይም አፈሮ ይባል ነበር። ጓሳው አንዳንድ ጊዜ 3 ዓመት፥ አንዳንድ ጊዜም እስከ 5 ዓመት ድረስ ተዘግቶ ይቈያል። በዚህ ጊዜ ማጨድም፥ ማሰማራትም፥ ማገዶ መልቀምም ክልክል ነው። ጥበቃውም ለጥቂት ዘበኞች የተተወ አልነበረም፤ ዐቅም ያለው አባወራ ሁሉ በተራው እየወጣ ይጠብቅ ነበር፤ ተራውንም የተወ ሰው ይቀጣ ነበር።

ሣሩ በደረሰ ጊዜ አለቆቹ ይመካከሩና የሚከፈትበትን ቀን በገበያና በቤተ ክርስቲያን ያስነግራሉ። ይኸውም በአብዛኛው የበጋው ጽናት በሚበረታበት በየካቲት ግድም ነበር። በተከፈተም ጊዜ ሁሉም በአንድነት ይገባል፤ ቀድሞ የሚገባ የለም። በመጀመሪያ ሣሩ ይታጨዳል፥ ከዚያ በኋላ ከብቱ ይሰማራል። ክረምቱ ሲገባ፥ በሐምሌ 5 ቀን የሐዋርያት ጾም በሚፈታበት ጊዜ፥ ሰውም ከብትም ይወጣና ጓሳው እንደገና ይዘጋል። ድርቅ በመጣ ዘመን ደግሞ ይኸው የተከለከለው ሣር የከብት መጠጊያ ይሆን ነበር፤ በጎረቤት አገር ከብቱ ሲያልቅ የመንዝ ሰው የሚያርስበትን በሬ ማትረፍ የሚችለው በዚህ ነበር።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ አንድ አስተዋይ ሹም ሊመለከተው የሚገባው ነገር፥ ቀኑ የታወቀ መሆኑ ነው። የመክፈቻው ቀን በሕዝብ ፊት ይነገራል፤ የመዝጊያውም ቀን ሕፃን ሳይቀር ከሚያውቀው በዓል ጋር ተያይዟል። ስለዚህ አላወቅሁም የሚል ጥፋተኛ አይገኝም። ዛሬ በየጽሕፈት ቤቱ የሚጻፉ ብዙ የክልከላ ደንቦች የሚፈርሱት ክፉ ስለ ሆኑ አይደለም፤ ገበሬው የሚያውቀው ቀን፥ የሚያውቀው ወሰን፥ የሚያውቀውም ዳኛ ስለሌላቸው ነው።

ቄሮም ቢሆን ያለ መጠን ሊመሰገን አይገባውም። መብቱ በትውልድ የተወሰነ ስለ ነበረ፥ ከአስቦና ከጌራ ዘር ያልሆነ ሰው በአጠገቡ እየኖረ ሣሩን በዓይኑ ብቻ ያየው ነበር። ስለዚህ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ንብረት መሆኑ በታወጀ ጊዜ፥ በብዙዎች ዘንድ ደስታ መሆኑ አያስገርምም። ነገር ግን አዋጁ የርስትን መብት ሲሽር፥ በርስት መብት ላይ ቆሞ የነበረውን ጥበቃም አብሮ ጣለው። የአባ ቄራው ሥልጣን ቀረ፤ በእርሱም ፋንታ ወዲያው የቆመ ሌላ ጠባቂ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ያልተፈቀደለትም የተፈቀደለትም በፈለገው ጊዜ እየገባ አጨደ፥ አሰማራ፥ በዳር በዳሩም አረሰ። የብዙ ዘመን ጥበቃ በጥቂት ዓመታት ተናጋ።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። በጓሳው ዙሪያ ያሉ የገበሬ ማኅበራት ጉዳቱን ባዩ ጊዜ ከየማኅበራቸው ሰው መርጠው የጓሳ ኮሚቴ አቆሙ። አዲሱ ሥርዓት የቀድሞውን መዝጋትና መክፈት ያዘ፤ የቀድሞውን የዘር ልዩነት ግን ተወ፤ የመብቱ ምክንያት መወለድ መሆኑ ቀርቶ በአዋሳኙ ማኅበር ነዋሪ መሆን ሆነ። በኋላም የአማራ ክልል መንግሥት ስፍራው በሕዝብ የሚጠበቅ ክልል መሆኑን በሕግ አጸደቀለት። ሕጉ ጥበቃውን አልፈጠረውም፤ የነበረውን ዐውቆ ጉልበት ሰጠው እንጂ። ወደ አንድ ወረዳ አዲስ የተሾመ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሽማግሌዎቹን ሰብስቦ፥ በዚህ አገር ቀድሞ የሚከለከል ሣር፥ የሚከለከል ዛፍ፥ የሚከለከል ምንጭ ነበረን ብሎ ቢጠይቅ፥ ለብዙ ወራት ስብሰባ የሚሆን ድካም ይቀርለታል።

መከልከሉ ከተያዘ በኋላ፥ የዛፉ ነገር ከሚገመተው ይልቅ ቀላል ነው። በወላይታ ሁምቦ 2728 ሄክታር የሆነ የተራቆተ ተራራማ ምድር ነበረ። ከ1999 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ በ7 የኅብረት ሥራ ማኅበራት የታቀፉት ነዋሪዎች ተራራውን ከግጦሽና ከምሳር ከለከሉ። ከላይ ሲታይ ባዶ በሚመስለው ምድር ውስጥ ግን የተቈረጡት ዛፎች ጕቶና ሥር በሕይወት ነበረ። ገበሬዎቹ ከየጕቶው ከሚያቈጠቍጠው ቀንበጥ ጠንካራውን እየመረጡ አስቀሩ፤ የቀረውን እየገረዙ ለማገዶ ወሰዱ። ሥሩ ቀድሞ ጥልቅ ስለ ሆነ፥ ቀንበጡ ከችግኝ ይልቅ ድርቅን ይችላል፤ እድገቱም ፈጣን ነው። ከዚያ ተራራ የሚበዛው ክፍል የለበሰው በመትከል ሳይሆን በዚህ መንገድ ነው፤ ማኅበራቱም ዛፉ ከአየር ለሚሰበስበው ካርቦን ከውጭ ገንዘብ ለማግኘት በቅተዋል።

ይህ ዘዴ አስቀድሞ በኒጀር አገር የተሞከረ ነው። በዚያም አገር ከ1970ዎቹ ዓመታት ወዲህ ከ5 ሚሊዮን ሄክታር የሚበልጥ የእርሻ ምድር በዛፍ ተሸፍኗል። ለዚህ ውጤት ጥበቡ ብቻውን አልበቃም። ቀድሞ በሕጉ መሠረት ዛፉ የመንግሥት ነበረ፤ ስለዚህ ገበሬው በእርሻው የበቀለውን ቀንበጥ ሳያድግ ይነቅለው ነበር፥ ካደገ ቅጣት እንጂ ጥቅም አያመጣለትምና። ሹማምንቱ ገበሬውን ስለ ዛፉ መቅጣት በተዉና ገበሬው ዛፉን የራሱ አድርጎ መቍጠር በጀመረ ጊዜ፥ ቀንበጡን መጠበቅ ጀመረ። ዛፍ ተቈረጠ ብሎ የሚቀጣ ሹም፥ ዛፉ ሲያድግ የሚጠቀመው ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ ካልወሰነ፥ ጫካውን ከመጠበቅ ይልቅ የቀንበጡን ጠላት ያበዛል።

በትግራይ በውቅሮ አጠገብ ያለችው አብርሃ ወአጽብሃ የምትባል ቀበሌም ከዚሁ ወገን ናት። ድርቅ ደጋግሞ ከመታት በኋላ ሕዝቡ ወደ ሌላ ስፍራ ይወሰድ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ነዋሪዎቹ ግን ተራራውን ከለከሉ፥ እርከንና የውሃ መያዣ ጕድጓድ ሠሩ፤ ከዓመታት በኋላም ከግርጌው ሜዳ ውሃ በጥቂት ሜትር ጥልቀት ተገኘ፥ የፍሬ ዛፍም ለማ። በ2004 ዓ.ም. የኢኳቶር ሽልማት ተሰጣቸው። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በትግራይ በነበረው ጦርነት ጊዜ ግን፥ በክልሉ በብዙ ስፍራ መብራትና ነዳጅ ስለ ጠፋ ሕዝቡ ወደ ማገዶና ወደ ከሰል ተመለሰ፤ ለብዙ ዓመታት የተጠበቀ ዛፍም ወደቀ። የተራበና የበረደው ሰው ምሳር ቢያነሣ አይፈረድበትም።

ከዚህ የሚከተል አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ተራራ ሲዘጋ ዕዳውን የሚከፍለው ማን ነው የሚለው ነው። ብዙ መሬትና የጓሮ ሣር ያለው ሰው መዝጋቱን በቀላሉ ይስማማል። ሁለት ፍየል ያላት ባልቴት ግን ፍየሎችዋን የምታሰማራበት ሌላ ስፍራ የላትም፤ እንጨት ለቅሞ ሸጦ የሚያድረውም ሰው የዕለት እንጀራው ከዚያው ተራራ ነው። በስብሰባ ላይ እነዚህ ሰዎች ብዙ ጊዜ ከኋላ ይቀመጣሉ፤ አይናገሩምም። ዝምታቸውን እንደ ስምምነት የቈጠረ ሹም፥ አጥሩ በሌሊት ሲጣስ ይደነቃል። ስለዚህ ሁሉን ተራራ በአንድ ቀን መዝጋት አይገባም፤ አንዱን ገጽ ዘግቶ ሌላውን መተው፥ የመጀመሪያውም ሲያገግም ተራውን ለሁለተኛው መስጠት ይሻላል። በተዘጋውም ስፍራ ከብት አይግባ እንጂ፥ ሣሩ በማጭድ እየታጨደ ወደ ቤት እንዲሄድ መፍቀድ ጉዳት የለውም። ይህም ማለት ባልቴቲቱ ፍየሎችዋን አስራ ትቀልባቸዋለች ማለት ነው።

ሣሩ የሚደርሰው በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ነው። የማጨጃው ቀን ከመድረሱ ቢያንስ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ በገበያ ቀን መነገር አለበት። ድርሻው በሸክም ተቈጥሮ፥ ከብት የሌላቸውም ሰዎች ድርሻቸውን ሊሸጡ እንዲችሉ ስማቸው በመዝገቡ መግባት አለበት። መዝገቡን የሚይዘው የወረዳው ጸሓፊ ሳይሆን ሕዝቡ የመረጠው ሰው ይሁን፤ ወረዳው አንድ ግልባጭ ቢኖረው ይበቃዋል። በመጀመሪያው ዓመት የሚገኘው ሣር ጥቂት ነው፤ ሆኖም ጥቂቱ ሣር በሁሉ ፊት በትክክል ከተከፈለ፥ በሁለተኛው ዓመት ጠባቂ ለመሆን ስሙን የሚያስጽፍ ሰው አይጠፋም።