ከማሳ እስከ ደምበል ሐይቅ፦ የማዳበሪያ ሦስት መንገዶች

ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት የተዘጋጀ ትምህርት

በባቱ ዙሪያ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚለማው በደምበል (ዝዋይ) ሐይቅና ወደ እርሱ በሚገቡት በመቂና በከታር ወንዞች ውኃ ነው። ይኸው ሐይቅ ለከተማው የመጠጥ ውኃ፣ ለዓሣ አስጋሪው መተዳደሪያ፣ በደሴቶቹ ላሉት ገዳማትም መኖሪያ ነው። ስለዚህ በአንድ ማሳ ላይ የሚደረገው ነገር ጎረቤትንም ይነካል።

አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን ይዟል። ይህ ናይትሮጅን ሦስት መንገዶች አሉት።

የመጀመሪያው ወደ ሰብሉ ነው። ገበሬው ገንዘቡን ያወጣው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ወደ ውኃ ነው። በአፈር ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ዩሪያውን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬት በውኃ በቀላሉ ይሟሟል፤ አፈርም አጥብቆ ስለማይዘው ትርፍ መስኖ ወደ ጉድጓድ ውኃ ያወርደዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው የናይትሬት ወሰን በሊትር 50 ሚሊ ግራም ነው። ከዚህ ያለፈ ናይትሬት ያለበት ውኃ በተለይ በጡጦ ለሚያድጉ ጨቅላ ሕፃናት አደገኛ ነው፤ ደማቸው ኦክስጅን የመሸከም ዐቅሙን ይቀንሳልና። ፎስፎረስ በበኩሉ ከአፈር ቅንጣት ጋር ተጣብቆ በጎርፍ ይሄዳል። የደምበል አማካይ ጥልቀት 2.5 ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ የገባበት ማዳበሪያ አልጌንና እምቦጭን ያፋፋል።

በስምጥ ሸለቆ ጉድጓዶች የሚገኘው ፍሎራይድ ግን በአብዛኛው ከእሳተ ገሞራ ዐለት የሚመነጭ ነው። መንሥኤያቸው የተለያየ ስለሆነ መፍትሔያቸውም ይለያያል።

ሦስተኛው ወደ አየር ነው። አፈሩ በውኃ ተጥለቅልቆ አየር ሲያጣ ከናይትሮጅኑ ከፊሉ ናይትረስ ኦክሳይድ ይሆናል። ይህ ጋዝ በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 273 ጊዜ እጥፍ ሙቀት ያምቃል። በዓለም አቀፉ መነሻ ስሌት፣ ከናይትሮጅኑ አንድ በመቶው በዚህ መልክ ይወጣል ቢባል፣ አንድ ኩንታል ዩሪያ 200 ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያደርሰውን ያህል ሙቀት ይጨምራል።

ሁለተኛውና ሦስተኛው መንገድ የገበሬው ኪሳራ ናቸው። የውኃውንና የአየሩን ጉዳት የሚቀንሰው ሥራ የገበሬውንም ወጪ ይቀንሳል፦

• ማዳበሪያውን በአንድ ጊዜ ከመበተን ይልቅ ከፋፍሎ መስጠትና አፈር ማልበስ፤
• ከባድ ዝናብ ሲቃረብ አለመጨመር፤ ከሚያስፈልገው በላይ አለማጠጣት፤
• በወንዝና በቦይ ዳር ሣርና አገር በቀል ዛፍ ሳይታረስ መተው፤
• የፀረ ተባይ መርጫን በቦይ ወይም በሐይቅ አለማጠብ፤
• የጉድጓድ ውኃን ማስመርመር።

ቤተ ክርስቲያን የምታርሰው መሬት ካላት ሥራው ከዚያ ይጀምር፤ ምእመናን ከሚሰሙት ይልቅ የሚያዩትን ያምናሉና።

ለውይይት

1. በአጥቢያችን የመስኖ ትርፍ ውኃ የሚወርደው ወዴት ነው?
2. ከዚያ ውኃ የሚጠጡት እነማን ናቸው?
3. እስከሚቀጥለው የዘር ወቅት ድረስ ጉባኤያችን የትኛውን አንድ ሥራ ይጀምራል? ኃላፊነቱንስ የሚወስደው ማን ነው?